ጀልባ ነጂው ያልለበሱት ጃኬት

ሙሽራ ፊት ቆሜ «ይህን ላይፍ ጃኬት ሳትለብሺ ጀልባ ላይ አትሳፈሪም» ለማለት የማላፍር ሴት፣ ለአንድ ሽማግሌ «እርስዎም ይልበሱ» ለማለት አፌ ለምን ያን ያህል ጊዜ ተያዘ?

የምኖርባት ነቀምቴ ባሕር የላትም። እኔም ያደግሁት አንገር ጉቲን ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ትምህርት ቤት ካስገባሁ በኋላ፣ በማታ ክፍል ነው። አሁን የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ፣ ስለ ጀልባ የማውቀው መጀመሪያ ያነበብኩትን ብቻ ነበር። የበጎ ፈቃደኞች ቡድናችን ፊንጫ ሐይቅ ላይ ለሽርሽር የሚወጡትን ስለ ደኅንነት የሚመክር ሰው ሲፈልግ «አንቺ ሰው ሲሳሳት ዝም አትዪም» ብለው መረጡኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ አልጠየቅሁም።

በሠርግ ወቅት ከነቀምቴም ከቢላ ከተማም ሰው ይጎርፋል። አሁን አሁን ሐይቁ ላይ ፎቶ ያልተነሡበት ሠርግ ጎደሎ ይመስላል።

«በቬሎዬ ላይ ብርቱካናማ? የመንገድ ሠራተኛ ልመስል ነው?» ትላለች ሙሽራዋ።

«እኔ ዋና እችላለሁ» ይላል ሚዜው።

«በሱፍና በክራባት ዋኝተህ ታውቃለህ?» እለዋለሁ። ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ ይለብሳል።

ጀልባ ነጂው ግን ሌላ ናቸው። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ?» ይሉኛል፤ እንዴት ነሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ላይፍ ጃኬቶቹን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፣ ማሰሪያቸውን እየጎተቱ ይፈትሻሉ። የተሳፋሪውን ሁሉ በእጃቸው ያስራሉ። ችግሩ ጃኬቱ ሁልጊዜ በአንድ ማነሱ ነው። የሙሽራዋ አክስት ወይ ፎቶ አንሺው ያለ ጃኬት ይቀራል። እኔ «በሁለተኛው ዙር ይሂዱ» ለማለት አፌን ሳልከፍት፣ እሳቸው የራሳቸውን ፈትተው ያለብሱታል።

ለእሳቸው ተሳፋሪ ቤታቸው የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ ሳይቀርብለት ባለቤት ቀድሞ የሚጎርስበት ቤት ደግሞ የለም። ይህን ጠባያቸውን እወደዋለሁ፤ እፈራውማለሁ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል። አብሬያቸው ስሳፈር ዓይኔ ጃኬት ካልተደረበበት ኮታቸው አይነቀልም፤ እሳቸው ቢወድቁ ከመካከላችን ሞተሩን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። እንዲያም ሆኖ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸውና፣ በእንግዳ ፊት እንዴት ልናገራቸው?

ባለፈው ጥር ነፋሱ ከወትሮው ቀድሞ ተነሣ። እኔን ጨምሮ ሁሉም ከለበሰ በኋላ ቪዲዮ አንሺው ካሜራውን ታቅፎ እየሮጠ ደረሰ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ማሰሪያቸውን መፍታት ጀመሩ።

«አባ ኮ፣ አይፍቱት» አልኩ፤ አባቴ ማለቴ ነው። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

«እንግዳ ባዶውን ቆሞ እኔ ልልበስ?»

«እርስዎ ውኃ ውስጥ ቢወድቁ እንግዳዎን ማን ይመልሰዋል? ሙሽራዋ ሞተር ታስነሣለች?»

«ኧረ እኔ ባጃጅም አልነዳ!» አለች ሙሽራዋ።

ሠርገኛው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። አስቀየምኳቸው ብዬ ፈራሁ። የፈቱትን መልሰው አሰሩት፤ ጠበቅ አድርገው። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንቺስ እንግዳ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው አውልቂ።»

አወለቅሁ። ጃኬቴ ለቪዲዮ አንሺው ደረት ጠበበው፤ እሳቸው ማሰሪያውን እያላሉ አስተካከሉለት። ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ እኔ ዳር ላይ፣ ሙሽራዋ አውልቃ ከተወችው ባለ ተረከዝ ጫማ ጋር ቀረሁ።

«ኢንታላ ኮ!» አሉ ከሞተሩ ድምፅ በላይ። «ጫማውን ውሻ እንዳይወስደው!»