ዐሥሩ ንጹሕ ብርጭቆዎች

ዘበኛው በየማለዳው የላቦራቶሪውን በር ለአጣቢዋ ሲከፍትላት የሚጠይቃት ያንኑ ነው።

«እሜቴ፣ ቁንጫዎቹ እንዴት አደሩ? ሰው ሁሉ ቁንጫ ይገድላል፤ እርስዎ ደመወዝ እየበሉ ያሳድጋሉ!»

«አንተን ከማሳደግ ይሻላል። እነሱ ቢያንስ በር ላይ ተቀምጠው አያንኮራፉም» ብላው ትገባለች።

መጀመሪያ የተቀጠረችው በላቦራቶሪው ዕቃ አጣቢነት ነበር። ትምህርቷ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እጇ ብርጭቆ ሲያጥብ ዓይኗ ግን ከማይክሮስኮፑ አይነቀልም ነበርና፣ አንድ ቀን የላቦራቶሪው ተመራማሪ ዶክተሯ «ይምጡ እትዬ፣ እርስዎም ይዩ» አለቻት። ያን ቀን ያየችውን አትረሳውም። ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ የውሃ ቁንጫ፣ ገላዋ እንደ መስታወት የጠራ፤ የልቧ ምት፣ በአንጀቷ የሚወርደው ምግቧ፣ አረንጓዴው አልጌ፣ ጀርባዋ ላይ ያዘለቻቸው እንቁላሎች፣ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። «ለዚህችም ልብ አልነፈጋት!» ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

ከዚያ ወዲህ ቁንጫዎቹን መቀለብ የእሷ ሥራ ሆነ። ስለ እነሱ የተጻፈ ነገር ስታገኝ ከፊደሉ ጋር እየታገለች ታነባለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በመስኮቱ ሥር ባለው የመስታወት ገንዳ ዘራቸው ሳይቋረጥ አቆየች። ያለ ወንድ እንደሚወልዱ ስትነግረው ልብስ ሰፊው ባሏ መርፌውን ከከንፈሩ ነቅሎ «እንግዲህ የኔ ነገር አበቃለታ!» ብሎ አስቋታል።

በዘጠነኛው ዓመት ዶክተሯ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። ተራው ፌስታል ደቅቆ ውሃ ውስጥ ሲገባ እነዚህን ፍጥረታት ይጎዳል ይባላል፤ «ይበሰብሳል» ተብሎ የሚሸጠው ሰማያዊው ፌስታልስ? ሠላሳ ብርጭቆ ተደረደረ፤ በእያንዳንዱ አንዲት ቁንጫ ገባች። ዐሥሩ ላይ የተራው ፌስታል ብናኝ፣ ዐሥሩ ላይ የሰማያዊው ተጨመረ፤ ዐሥሩ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። የእያንዳንዷ ልጆች ለሃያ አንድ ቀን ይቆጠራሉ። ከንጹሖቹ ጋር ካልተነጻጸረ የሌሎቹ ቁጥር ዋጋ የለውም። ዶክተሯ ቆጠራውን ለእሷ አደራ ብላ ወደ ሩቅ ስብሰባ ሄደች።

በማግሥቱ የኮሪደሩን ግድግዳ የሚፍቁ ሠራተኞች መጡ። አቧራው በበሩ ሥር እየሾለከ ሲገባ አጣቢዋ ለንጹሖቹ ብርጭቆዎች ሰጋች። ባሏ ከዚያው ከሰማያዊው ፌስታል ዐሥር ክብ ክዳን ቆርጦ፣ ዙሪያውን ላስቲክ አስገብቶ በስፌት መኪናው ሰፋላት። «የሚበሰብስ ነገር ምን ይጎዳል» አለች። ያለበሰችውም ንጹሖቹን ብቻ ነው፤ የቆሸሸውን አቧራ ምን ያደርገዋል ብላ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የግድግዳው ሥራ ሲያልቅ ክዳኖቹን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተች።

ቆጠራው ሲያበቃ ዶክተሯ ተመልሳ መዝገቡን ስትገልጥ ፊቷ ጠቆረ።

«እትዬ፣ ንጹሖቹ እኮ ከቆሸሹት እኩል ጥቂት ነው የወለዱት።»

«እኔንም እየቆጠርኩ ግራ ሲገባኝ ነው የሰነበተው።»

«ዘሩ ደክሟል ማለት ነው። ነገ ገንዳውን ይድፉትና አዲስ ዘር እናስመጣለን።»

ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቃል! በነጋታው ገንዳውን ከመንካቷ በፊት፣ እንደ መሰናበቻ፣ ከንጹሖቹ አንዷን ቁንጫ በማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠቻት። አንጀቷ አረንጓዴ መሆን ሲገባው ሰማያዊ ፍርፋሪ አዝሏል። መሳቢያውን ሳበች። ክዳኖቹ መርፌ በወጋቸው ቦታ ሁሉ ተተልትለዋል፤ በጣቷ ብትነካቸው ተፈረፈሩ። ፀሐይ አድርቋቸው፣ ለቀለብ በከፈተች በዘጋች ቁጥር የብርጭቆው አፍ ሲፍቃቸው ኖሯል።

ማንም አላየም። ክዳኖቹን ኪሷ ከትታ ብትወጣ የሚደፋው ገንዳው ነው፤ እሷን የሚጠይቃት የለም። ብትናገር ግን ቁንጫዎቹን ሊነጥቋት ይችላሉ። «የቆጠርኳቸው እኔ፤ እኔ ካልመሰከርኩላቸው ማን ይመሰክርላቸዋል?» አለችና ክዳኖቹን በሰሃን ይዛ የዶክተሯን በር አንኳኳች።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ዶክተሯ ሄዳ በማይክሮስኮፑ አየችና ቀና አለች።

«ሃያ አንድ ቀን እኮ ነው የጠፋው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ከፈለግሽ ወደ ማጠቢያው መልሺኝ፤ ገንዳው ግን አይደፋ። ጥፋቱ የኔ እንጂ የእነሱ አይደለም።»

«እርስዎ ማጠቢያው ጋ ከሄዱ ማን ይቆጥርልኛል?» ዶክተሯ ክዳኑን ገልብጣ ስፌቱን አየች፤ ሳቋን መግታት አልቻለችም። «ደግሞ እንዴት አሳምሮ ነው የሰፋው! በሉ፣ ከአንድ እንጀምራለን። በመስታወት ክዳን።»

«ለሠላሳውም» አለች አጣቢዋ፣ ጠንከር ብላ። «እኩል ካልሆነ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው።»

ሠላሳውን ብርጭቆ ሦስት ሦስት ጊዜ አጠበች። ከገንዳው በዚያው ቀን የተወለዱትን አንድ በአንድ በማንጠብጠቢያ ለቀመች። ጉንፋን ሲይዛት እንኳ አፏን በነጠላ ጨርቅ አስራ መጣች እንጂ አልቀረችም። በሃያ አንደኛው ቀን በንጹሕ ውሃ የነበረችው የመጀመሪያዋ ቁንጫ ዘጠና ሁለት ልጆች አስቆጠረች፤ በሰማያዊው ብናኝ ውስጥ የኖረችው አቻዋ ስድሳ አንድ፤ በተራው ውስጥ ያለችውም ከሰማያዊዋ ብዙ አትርቅም። የሌሎቹም እንደዚሁ ሆነ።

«ሰማያዊውም እንደ ተራው ይጎዳል፤ ይህ ግን የኛ ብርጭቆ የነገረን ነው» አለች ዶክተሯ። «ሌሎችም ይሞክሩት። ዘሩ ግን አልደከመም።»

አጣቢዋ ዓይኗን ጠርጋ ገንዳው ላይ አልጌ አፈሰሰች።

በማግሥቱ ዘበኛው በሩን ሲከፍትላት «እሜቴ፣ ቁንጫዎቹስ?» አላት።

«በዝተዋል፣ ተመስገን! ቆጠራው ዛሬ ወደ በር ተሻግሯል፤ ማንኮራፋትህን ልቆጥር ነውና ንቃ!»