ጨው አልባው ባሕር

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ያጠለቅኩት የሴት ታኮ ጫማ ነበር። ቁጥሩ አርባ አራት፣ ቀለሙ ቀይ። ዋልተር የሚባለው አለቃዬ ጫማውን ሰጥቶኝ ወደ ስክሪኑ እየጠቆመ «እሷ ስትራመድ ተራመድ፤ ስትቆም ቁም» አለኝ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ደረጃ ትወርዳለች። እኔ ደግሞ ያን ጊዜም ቢሆን ቀጭን አልነበርኩም። የሰፈሬ ልጆች ቢያዩኝ ጉድ ፈልቶ ነበር!

ከዚያ በፊት ሎስ አንጀለስ፣ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር የአንድ ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና አቆም ነበር። ዋልተር ከሕንፃው ጀርባ ትንሽ የድምፅ ስቱዲዮ ነበረው። አንድ ቀን ቁልፉን ሲያስረክበኝ «የሞተርህ ቀበቶ ሊበጠስ ነው» አልኩት። «ኮፈኑን ሳትከፍት በምን አወቅህ?» አለኝ። «ሰማሁታ!» አልኩት። በሳምንቱ ቀበቶው ተበጠሰ። በወሩ እኔ ታኮ ጫማ ላይ ወጣሁ።

ሥራችን ፎሊ ይባላል። ፊልም ሲቀረጽ ማይክሮፎኑ በደንብ የሚይዘው ንግግሩን ነው። የእግር ኮቴ፣ የልብስ መንኮሻኮሽ፣ የበር ሲጥሲጥታ፣ የወፍ ክንፍ፣ ይህን ሁሉ በኋላ እኛ በእጃችንና በእግራችን እንሠራዋለን። ወለሉ ላይ «ፒት» የምንላቸው ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ አሸዋ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ አሮጌ ሳንቃ። በረዶ ላይ የሚራመድ ሰው ከሆነ የበቆሎ ስታርች በቆዳ ከረጢት ሞልተን እንጨብጣለን። የሚንከባለል ኮረት ሲያስፈልግ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ የሽምብራ ቆሎ እገዛለሁ። ግማሹን እሠራበታለሁ፣ ግማሹን እበላዋለሁ።

ማዕረጉ እንዲህ ነው። ከላይ የድምፅ ሱፐርቫይዘር አለ። ከእሱ በታች ኤዲተሮች፣ ከዚያ ድምፆቹን አንድ ላይ የሚያዋህደው ሚክሰር፣ ከዚያ የምንራመደው እኛ። ዋልተር ጡረታ ሲወጣ ሱፐርቫይዘር የሆነችው ካረን ናት። ወደ ስቱዲዮው የገባችው ከእኔ በኋላ ነው። በእሷ አልቀናሁም። ቢያንስ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው።

ሶስናን ያስገባኋት እኔ ነኝ። በዲቪ መጥታ ፌርፋክስ ላይ ቆሎ የምገዛበት ሱቅ ካሸር ነበረች። አንድ ቀን ከበሩ ስገባ ቀና እንኳ ሳትል «ጋሼ፣ ዛሬ ጫማ ቀየርክ አይደል?» አለችኝ። ቀይሬ ነበር። የዘንድሮ ልጆች ጋሼ ብለው አንተ ይላሉ፤ ለምጄዋለሁ። በማግስቱ ለካረን ነገርኳትና በሙከራ ተቀጠረች።

ኮቴ አስተማርኳት፣ ጨርቅ አስተማርኳት፣ ማይክሮፎን የት እንደሚቆም አስተማርኳት። እኔ አራት ዓመት የፈጀብኝን እሷ በአንድ ዓመት ጨረሰችው። ሰው ሲያመሰግናት «ጋሼ ነው ያስተማረኝ» ትላለች። ደስ ይለኛል። ደስታው ግን ጠጠር እንዳለበት የምስር ወጥ ነበር፤ ስበላው እየተጠነቀቅኩ ነው።

ከዚያ የስዊድኑ ፊልም መጣ። ስለ ሰሜን ስዊድን ጠረፍ ደሴቶች የሚተርክ የተፈጥሮ ፊልም ነው። ዳይሬክተሯ ኢንግሪድ የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ካረን ቢሮ ተቀምጣ አገሯን አስረዳችን። በብርዱ ወራት ባሕሩ ሙሉ በሙሉ በረዶ ይሆናል። ከደሴት ደሴት በላዩ መንገድ ይጠረጋል፣ የመንገድ ምልክት ይተከላል። ምድሩም ከባሕር ይነሣል። በጥንት ዘመን ከባድ የበረዶ ክምር ተጭኖት ስለነበር፣ ከቀለጠለት ወዲህ በዓመት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ቀና ይላል። አያቷ ጀልባ ያስሩበት የነበረው ምሰሶ ዛሬ ዛፍ መሃል ቆሟል። ሁለት ደሴት የነበረው አንድ ይሆናል፣ ትናንት ያልነበረ ድንጋይ ከውሃው ብቅ ይላል።

«አንድ ሰው ሄዶ ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን እውነተኛውን ድምፅ ይቅዳልኝ» አለች።

ሀያ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓለምን የዞርኩት መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ጫካ ሄጃለሁ፤ በእርጥብ ጋዜጣ። በረሃ ሄጃለሁ፤ በአንድ ሳጥን አሸዋ። የሚላከው እኔ እንደምሆን አልተጠራጠርኩም። እንዲያውም ኮት ገዛሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ባለ ፀጉር ኮት! ባለቤቴ በላይነሽ «ሰውዬ፣ መጀመሪያ ይንገሩህ እንጂ» አለችኝ። «ከእኔ ሌላ ማን አለና?» አልኳት።

ካረን ሶስናን መረጠች። «አንተን ብልክ እዚህ ማን ይሠራል? እጅህ ያስፈልገኛል» አለችኝ። ምክንያቱ ትክክል ነው። ስሰማው ግን አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ለሶስና ደግሞ ይህን ሥራ ከተወጣች ቋሚ እንደምትሆን ቃል ገባችላት።

ሶስና ልትሰናበተኝ መጣች። «ጋሼ፣ መሄድ የነበረብህ አንተ ነበርክ» አለችኝ።

«ኧረ እኔ ብርድ አልወድም» ብዬ ሳቅሁ። ኮቱንም አውጥቼ ሰጠኋት። «ለአንቺ ብዬ ነው የገዛሁት» አልኳት። ለብሳው ስትዞር አየኋት። ልክ ሆናት፤ ያም አናደደኝ።

ከዚያ በየሁለት ቀኑ በስልክ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። «ጋሼ፣ አታምነኝም፤ ባሕር ላይ ድራይቭ አደረግኩ! ሶ፣ የስፒድ ምልክት ሁሉ አለው!» «ጋሼ፣ ሲል የሚሉት የባሕር እንስሳ በረዶው ላይ ዋሻ ሠርቶ ነው የሚወልደው። ማይኩን አስጠግቼ ግልገሉ ሲተነፍስ ሰማሁት!» «ጋሼ፣ በረዶው ሲሰነጠቅ ይዘፍናል፤ ወይኔ ብትሰማው!»

እኔ በዚያ ሰዓት ጓንት በውሃ ነክሬ የሲሉን ሆድ መሬት ላይ አንሸራትታለሁ። የምመልስላት የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ነው። ምሳ ሰዓት ፌርፋክስ ላይ ጓደኞቼ «ያቺ ጎበዝ ልጅ እንዴት ናት?» ሲሉኝ «ማይክ ይዞ መቆም ምን ሙያ አለው? ቁልፍ መጫን ነው» እላቸዋለሁ። ቀንቼ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ምግብ አልበላ አለኝ። በረዶው ከእግሯ ሥር ቢሰነጠቅ ብዬ አላሰብኩም፤ ማይክሮፎኗ ቢበላሽ ግን ብዬ አስቤያለሁ።

በረዶው ሲቀልጥ የውሃው ፋይል መጣ። የፋይሉ ስም እንደ ደንቡ በእሷ ስም ይጀምራል። አብሮት ሦስት ገጽ ማስታወሻ አለ። ቀጂው የት፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደቀዳ የሚጽፍበት ነው። ከማዳመጥ በፊት ማንበብ የሥራው የመጀመሪያ ደንብ ነው፤ ለእሷም ያስተማርኳት እኔው ነኝ። አልከፈትኩትም። ሦስት ገጽ ሙሉ የእሷን ደስታ ማንበብ አቃተኝ።

ማዳመጫውን አደረግኩ። ውሃው ድንጋዩን ቀስ ብሎ ይልሳል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ደግሞ ይልሳል። ከሩቅ አንድ ወፍ ይሰማል። እኔ ያደግኩት ዝዋይ ነው፣ አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ስለ ሐይቅ ድምፅ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። ይኼማ ሐይቅ ነው! ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ልጅቷ ብርዱ ሲሰለቻት ከአንድ ኩሬ ቀድታ ባሕር ነው ብላ ላከች አልኩ።

ወደ ካረን ሄድኩ። «ይህ ባሕር አይደለም፣ የሐይቅ ውሃ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንገቴን ለካራ!»

«ማስታወሻዋ ምን ይላል?»

«ምንም አዲስ ነገር የለውም» አልኳት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። ካረን ለብዙ ዓመት ታውቀኛለች፤ አልጠረጠረችኝም።

ቅዳሜ ቶራንስ ድረስ ነድቼ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ማዕበል ቀዳሁ። የሚያገሳ፣ የሚፈርጥ፣ ደረት የሚመታ ማዕበል። ሰኞ በሶስና ውሃ ቦታ አስገባሁት። ቤት ገብቼ «ዛሬ ጥሩ ሥራ ሠራሁ» ስላት በላይነሽ አየት አድርጋኝ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች። ምን ለማለት እንደፈለገች አልጠየቅኳትም።

ሶስና ተመለሰች። ካረን ዝርዝር አትወድም። «ውሃው ተመላሽ ሆኗል፤ ቋሚው ቦታም ቀርቷል» ብቻ አለቻት። ልጅቷ በቀጥታ ወደ እኔ ክፍል መጣች።

«ጋሼ፣ ውሃዬ ምን ሆኖ ነው?»

«አይሆንም። ጆሮሽ ገና ነው» አልኳት።

ትከራከረኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። መልስ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን ከረጢቷን እንዳንጠለጠለች ቆመች። «እኔኮ ከቀዳሁት ሁሉ እሱ የሚበልጥ መስሎኝ ነበር» አለች። ቀጥላም «አንተ ካልክ ልክ ነው» ብላ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሆንም አልጠራኋትም። ከዚያ በኋላ ወደ ስቱዲዮው አልተመለሰችም።

ከሁለት ወር በኋላ ኢንግሪድ የመጨረሻውን ሚክስ ልታጸድቅ መጣች። ካረን፣ ሚክሰሩና እኔ ከኋላዋ ተቀመጥን። ደሴቶቹ ስክሪኑ ላይ ታዩ፤ ዝቅ ያለ ድንጋይ፣ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ፣ ፀጥ ያለ ውሃ። የእኔ ማዕበል አገሳ።

«አቁሙት» አለች ኢንግሪድ። «ይህ የማን ባሕር ነው? የእኛ ባሕር ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ ወንዞች ናቸው የሚሞሉት። በቀን በቀን አይሞላም፣ አይጎድልም። የሐይቅ ዓሣና የባሕር ዓሣ በአንድ መረብ እንይዛለን። አባቴ በውሃው ሻይ ያፈላበታል። ይኼ እኮ ካሊፎርኒያ ነው!»

ካረን «የላክናት ልጅ የሐይቅ ውሃ ቀድታ መጣች፤ ስለዚህ ቀየርነው» አለች።

«እስቲ እሱን አሰሙኝ።»

አሰሟት። ኢንግሪድ ዓይኗን ጨፈነች። «ይህ የቤታችን ደጅ ነው» አለች።

ካረን ኮምፒዩተሯን ስባ ማስታወሻውን ከፈተችና ጮክ ብላ አነበበችው። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ይህ ባሕር ድምፁ እንደ ሐይቅ ነው፤ ስሕተት እንዳይመስላችሁ። አስተማሪዬ ሐይቅ ዳር ነው ያደገው፤ እሱ ደስ እንዲለው ብዬ ረዘም አድርጌ ቀድቻለሁ።»

ካረን ዞራ አየችኝ። «ምንም አዲስ ነገር የለውም ብለኸኝ ነበር።»

«አላነበብኩትም።»

«ለምን?»

«እሷ ስለሄደች» አልኩ። «እኔ ስላልሄድኩ።»

ካረን አላባረረችኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ስለ ሰው ቅጂ የምጽፈውን ሪፖርት ሌላ ሰው ደግሞ አዳምጦ ያረጋግጠዋል። ይገባኛል። የዚያኑ ቀን ለሶስና ደወለችላት፤ ስልኳን አላነሣችም።

እኔ ድሮ የሠራችበትን የቆሎ ሱቅ ጠይቄ አገኘኋት። ቶራንስ አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ስካን ታደርጋለች። ምሳ ሰዓት ፓርኪንጉ ላይ ጠበቅኳት። ስታየኝ ፈገግ አለች፤ አሁንም ምንም አታውቅም።

«ጋሼ፣ እንዴት አወቅህ እዚህ መሆኔን? ደህና ነህ?» አለችኝ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ቀጠለች። «ጆሮዬን አስመረመርኩ እኮ።»

«ምን አሉሽ?»

«ደህና ነው አሉኝ። ወረቀትም ሰጡኝ። አላመንኳቸውም። አንተ ገና ነው ብለኸኝ ነበራ።»

እዚያው፣ ሁለት መኪና መሃል ቆሜ ነገርኳት። ማስታወሻውን አለማንበቤን፣ ለካረን መዋሸቴን፣ ማዕበሉን። «ቀንቼብሽ ነው» አልኳት። በአማርኛ ስናገረው ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ከበደኝ።

«ሶ፣ ውሃው ጥሩ ነበር?» አለችኝ።

«እኔ በዕድሜዬ እንደሱ ያለ ቀድቼ አላውቅም።»

«ኦኬ» አለች። የምሳ ሰዓቷ አልቆ ነበርና ገባች።

ካረን ቋሚውን ቦታ አቀረበችላት፤ አልተቀበለችም። ፊልሙ ወጥቷል፤ ውሃው የእሷ ነው። ስሟ ከእኔ ስም በታች ተጽፏል፤ አጻጻፉ በማዕረግ ቅደም ተከተል ስለሆነ።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይኸው ነው። የሌላ ሰው ሥራ ስታዳምጡ የፋይሉን ስም ሸፍኑት። ማስታወሻውን አስቀድማችሁ አንብቡ። በቀናችሁበት ቀን ሪፖርት አትጻፉ።