ምስር የምታህል ክኒን

በቴፒ የቡና መፈልፈያ ሞተር ድምፁን ብቻ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ከእኔም በኋላ ገና አልመጣም። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አማርኛን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ፣ እንግሊዝኛን ከሞተር መመሪያና ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ለቅሜ ነው የተማርኩት። ስለዚህ አልማዝ ባለጭራ ጎኔን አቃጥሎት፣ ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ሕመሙ አልለቅ ብሎኝ ሸሚዝ መልበስ ሲያቅተኝ፣ የታዘዘልኝን መድኃኒት ወረቀት እንደ ሞተር መመሪያ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

አሚትሪፕቲሊን ይላል። ለድብርት ይላል።

ወደ ፋርማሲዋ ልጅ ተመለስኩ። "እኔን ማን ድብርታም አደረገኝ? ጎኔን ነው ያልኩት!"

ሳቀች። "አባባ፣ ለድብርትም ይሰጣል። በትንሹ ሲሆን የነርቭ ሕመም ያስታግሳል። ማታ ማታ አንድ ብቻ። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ሳምንታት ይታገሡ። አፍ ያደርቃል፣ ያዞራልም፤ ከአልጋ ሲነሱ ቀስ ይበሉ። በራስዎ አይጨምሩ። ለሌላ ሰው ደግሞ እንዳይሰጡ፣ በተለይ ልቡን ለሚያመው።"

ራሴን ነቀነቅኩላት። ማስጠንቀቂያው ማንበብ ለማይችል ሰው ነው ብዬ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ምንም እንዳላመመኝ ያወቅኩት ሸሚዜን ቆልፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ምስር የምታህል ነገር በአፌ ገብታ ጎኔን እንዴት አገኘችው? ዕድሜዬን ሙሉ ስፈታና ስገጥም ኖሬ እንዲህ ያለ ብሎን አላየሁም።

እኛ ሰፈር ደግሞ የሠራ መድኃኒት ለብቻ አይያዝም። ከወባ የተረፈ ክኒን እንደ ወንፊት ከቤት ቤት ይዞራል። ጎረቤቴን፣ የቡና ነጋዴውን ሐጂን፣ ስኳር በሽታው እግሩን እንደ ፍም ያቃጥለዋል። ልቡም ደካማ ነው። ይህን ረሳሁት ብል ውሸት ነው፤ ከልጅቷ ይልቅ እኔ የማውቅ መስሎኝ ነው። አምስት ክኒን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት።

"መሐንዲስ፣ ደግሞ እኔንም ግሪስ ልትቀባኝ ነው?" አለኝ።

"አታብዛ፤ ማታ አንድ ዋጥ።"

ሳምንታት እንደሚፈልግ ግን አልነገርኩትም። አንዷን ውጦ አደረ። እግሩ ያው ሆነበት። ጠዋት የቀሩትን አራቱን ባንድ ጉርሻ ዋጣቸው። ረፋድ ላይ ሱቁ ስደርስ የቡና ጆንያ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ክኒኑን የጠቀለልኩበት ወረቀት አጠገቡ ባዶውን ወድቋል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ንግግሩ ተኮላትፏል። ደረቱ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ልቡ ምት ይስታል። ይህን ምት ከሞተር አውቀዋለሁ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኩት። ሐኪሙ "ምን ወሰደ?" አለ። ተከትላን የደረሰችው ሚስቱ "የስኳሩን ነው፣ ሌላ የለም" አለች። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ስሜም እንደተከበረ ይቀር ነበር። ማሸጊያውን ከኪሴ አወጣሁ። "ከዚህ አምስት። እኔ ነኝ የሰጠሁት።"

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። "ባይነግሩኝ ስኳሩን ሳሳድድ ልቡ ይቆም ነበር" ብሎ ሮጠ።

ደረቱ ላይ ገመድ ለጥፈው ከመሣሪያ ጋር አገናኙት። በመስታወቱ ላይ አረንጓዴ መስመር ይሄዳል፤ ይዘላል፣ ይንገዳገዳል። ያ ሁሉ የሰው ሕይወት አንድ ክር ሆኖ ከፊቴ ሲሮጥ አየሁ። የእኔን ጎን ያሳረፈችው ያቺው ክኒን ነበረች ክሩን የምትጎትተው። ዓይኔን ከመስመሩ ሳልነቅል ቆምኩ። ከሰዓት በኋላ መስመሩ እኩል መርገጥ ጀመረ።

"ተስተካከለ" አልኩ።

ነርሷ ዞራ አየችው። "እውነትዎን ነው" አለች። ከእሷ ቀድሜ ነው ያወቅኩት፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ሐጂ ዓይኑን ገለጠ። "መሐንዲስ፣ ፈታተህ ገጠምከኝ?"

"የፈታሁህ እኔ ነኝ። የገጠሙህ እነሱ ናቸው።"

"እግሬ ግን አሁንም ያቃጥለኛል። ምን ልውሰድ?"

"ሐኪሙን ጠይቅ" አልኩት። በሰባ ዓመቴ ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።