ከሲና ተራራ ወገብ ላይ የጠራሁት ስም

ተራራን በቃሉ ያጸና፣ ደመናንም ያለ ገመድ የሰቀለ አንድ አምላክ፣ አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ፣ የደከመች እጄን ይደግፍልኝና፣ ባለቤቴ በታመመች ጊዜ ወደ ሲና ተራራ የወጣሁበትን፣ ከጫፉም ሳልደርስ የተመለስሁበትን ቀን እጽፋለሁ። የምጽፈውም ልጆቼ ደጋግመው ስለ ለመኑኝ ነው እንጂ ለአንባቢ የሚሆን መጽናኛ አግኝቼበት አይደለም።

እኔ ወደ ድሬዳዋ የመጣሁት ዜማ ተምሬ፣ ጎልምሼ፣ ለደብር አገልግሎት ተመድቤ ነው። ባለቤቴ ግን እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት። ስለዚህ የደብሩ ሰው ሁሉ «መሪጌታ» እያለ በአንቱታ ሲጠራኝ፣ እርሷ እንደ አገሯ ልማድ «አንተ» ትለኝ ነበር። እንግዶች ካህናት ሲሰሙ ይደነግጡ ነበር፤ ለእኔ ግን ውሎ አድሮ ከማዕረጌ ይልቅ የሚጣፍጠኝ ይህ አጠራሯ ሆነ።

ሕመሟ የጉበት ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ ካደረጉ በኋላ «እንግዲህ ቤቷ ትረፍ» አሉን። የዚህን ቃል ትርጉም ሁለታችንም ተረድተናል። ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤታችን መልሼ ካስተኛኋት በኋላ፣ ከደብራችን ምእመናን የተወሰኑት ከጥምቀት በዓል ቀጥሎ በሲና በኩል አድርገው ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ መሆናቸውን ሰማች።

«አብረሃቸው ሂድ» አለችኝ። «ከተራራው ጫፍ ላይ ቁምና የክርስትና ስሜን ጥራልኝ።»

«አንቺን በዚህ ሁኔታ ትቼ?»

«ልጆቹ አሉ። እዚህ ተቀምጠህ ፊቴን ብታይ ምን ትጨምርልኛለህ? ሙሴን ያነጋገረው ከላይ ነው፤ አንተም ከላይ ሆነህ ንገረው።»

«እሺ» አልኋት። ወራት ሙሉ ደብዝዞ የነበረው ዐይኗ ያን ጊዜ በርቶ ነበር፤ ያን ብርሃን በቃሌ ማጥፋት አልሆነልኝም። ደግሞም ተስፋዋ ወደ እኔ ተላልፎብኝ ነበር።

በራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሶማሌ ጎረቤታችን ከጅቡቲ የመጣ ወፍራም ጃኬት ይዞ ገባ።

«አቦ መሪጌታ፣ አንተ እኮ ድሬ ላይ የጠዋት ነፋስ ሲነካህ ጋቢ የምትደርብ ሰው ነህ፤ እዚያ ምን ልትሆን ነው?»

«አምላክ ያውቃል» አልሁት።

«እሱ ያውቃል፣ ጃኬቱን ግን እኔ ሰጠሁህ! ስማ፣ ነቢ ሙሳ የብቻችሁ እንዳይመስልህ። እሷን ከጠራህ በኋላ እኔንም ጥራኝ፤ ስኳሬ አልወርድ ብሏል።»

ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና «የአንተ ስኳር ከሱቅህ ነው! ሻጭም አንተ፣ ቀማሽም አንተ!» አለችው። ሦስታችንም ሳቅን። በዚያ ክፍል ውስጥ የሳቅንበት የመጨረሻው ቀን እርሱ ይመስለኛል።

ከተራራው ግርጌ የደረስነው ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ በሚወርድበት ጠዋት ነበር። ተራራው አይታይም ነበር፤ ሊታይ በሚገባው ቦታ ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጦበታል። የጉዞው አስተባባሪ ምእመናኑን ወደ ማረፊያው መለሰና ወደ እኔ መጣ።

«መሪጌታ፣ ይቅርብዎት። ከታች ሆነን እንጸልያለን።»

«እኔ የተላክሁት ወደ ላይ ነው፤ ነገ ደግሞ አውቶቡሱ ይነሣል» አልሁት።

እንደምንም ተማጽኜ አንድ የአገሩን ሰው፣ በዕድሜ ወደ እኔ የሚጠጋ ዐረብ መንገድ መሪ አገኘሁ። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ለገበያ የሚበቃ ዐረብኛ አያጣምና በዚያች እንግባባ ነበር። ወደ ሰማይ አየና «ያ ሐጅ፣ ጥሩ አይደለም» አለኝ፤ ሐጅ ተሳላሚ ማለቱ ነው። ስለ ባለቤቴ ነገርሁት። መጎናጸፊያውን አጥብቆ ፊት ፊቴ መራመድ ጀመረ።

የግመሉን መንገድ በመቋሚያዬ እየተደገፍሁ በደኅና ወጣሁት። እንደ ልማዳችን እህልም ውኃም አልቀመስሁም። መንገዱ ዳር ካለች፣ ሻይ ከሚሸጥባት የድንጋይ ጎጆ ስንደርስ መሪው ትኩስ ሻይ አቀረበልኝ፤ ስሟን ሳልጠራ አልጠጣም ብዬ እምቢ አልሁት። ከዚያ በላይ የግመል መንገድ ያበቃል፤ የድንጋዩ ደረጃ ይጀምራል። ደረጃው በረዶ ለብሶ ነበር።

እዚያ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁ።

መሪው ዘወር ሲል አየኝና «ምን ትሠራለህ?» ብሎ ጮኸ።

«ምድሩ የተቀደሰ ነው። ሙሴም አውልቅ ተብሏል።»

«ወላሂ የተቀደሰ ነው! ሙሳ ግን በእንዲህ ያለ ቀን አልወጣም! አድርገው!»

አላደረግሁትም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የቤተ መቅደስን ደጃፍ በጫማ ረግጬ አላውቅም፤ አምላክ ወርዶ የተነጋገረበትን ምድር፣ ያውም ልመና ይዤ፣ በጫማ እንዴት ልርገጠው? እግሬ መጀመሪያ የድሬን አስፋልት በቀትር እንደረገጠ ሰው ተቃጠለ። ቀጥሎ እንደ መርፌ ወጋኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማኝም፤ ሕመሙ ሲለቀኝ እግዚአብሔር አበረታኝ ብዬ አመሰገንሁት። የበረዶን ጠባይ የማያውቅ ሰው ምስጋና ነበር።

ነፋሱ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ ይመታን ነበር። የመሪውን ጀርባ ብቻ እያየሁ እሄዳለሁ፤ እርሱም አንዳንዴ በጭጋግ ይሰወርብኛል። እግሬ ድንጋይ ይርገጥ አየር ይርገጥ መለየት ስላቃተኝ አንዱን ደረጃ ሳትሁና ወደቅሁ። መቋሚያዬ ከእጄ አምልጦ ወደ ገደሉ ሄደ፤ ድምፁን እንኳ አልሰማሁም። ልነሣ ብሞክር እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

መሪው ተመልሶ አጠገቤ ተንበረከከ። ሁለቱን እግሮቼን አንሥቶ ከልብሱ ሥር አገባቸውና ከራቁት ሆዱ ጋር አጣበቃቸው። ሲንቀጠቀጥ አየሁት እንጂ ሙቀቱ አልተሰማኝም።

«ኸላስ» አለኝ፤ በቃ ማለቱ ነው።

«ጫፉ ምን ያህል ቀረው?»

«ለደኅና ሰው ቅርብ ነው። ለአንተ ሩቅ ነው።»

«እየዳኽሁ ልሂድ። አንተ ተመለስ።»

«አንተ ቤት ሚስት አለች፤ እኔም ቤት አለች» አለኝ። «ዛሬ ሁለቱንም ባል አናሳጣቸው።»

ስለዚህ እዚያው፣ ከተራራው ወገብ ከፍ ብሎ፣ በአንድ ድንጋይ ጥግ ሆኜ፣ ፊቴን ወደማይታየው ጫፍ አዙሬ ስሟን ጠራሁ። ድምፄ የማኅሌት ድምፅ ነው፤ በደብራችን፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ከዳር እስከ ዳር ይሰማ ነበር። ያን ቀን ግን ስሙ ከአፌ ወጥቶ ጺሜን ያለፈ አልመሰለኝም። ደግሜ ጠራሁ። ነፋሱ በረዶውን ወደ አፌ መለሰብኝ። መሪው በጀርባው አዝሎ እስከ ሻዩ ጎጆ፣ ከዚያም በግመል አወረደኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ እግሬን በጨርቅ ጠቅልለውልኝ፣ በአንድ ምእመን ስልክ ደወልሁላት።

«ጠራኸኝ?» አለች፤ ደኅና ነህን እንኳ አላስቀደመችም።

«ጠርቼሻለሁ።»

«ከጫፉ?»

«ከመንገድ ነው። አየሩ ከለከለኝ።»

 

«እሺ» አለች። «አንተ ተርፈሃል?»

«ተርፌአለሁ።»

«እንግዲያው ና።»

ኢየሩሳሌምን ሳልሳለም ተመለስሁ። ቤት ስገባ ፊቷ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ የተማርሁትን ሁሉ ነገርኋት፤ አምላክ በሁሉ የመላ መሆኑን፣ በጫፍና በግርጌ የማይወሰን መሆኑን፣ ከሹክሹክታ በታች ያለውንም የልብ አሳብ እንደሚሰማ፣ በማስረጃ እያስደገፍሁ አስረዳኋት። እስክጨርስ ድረስ ታገሠችኝ።

«ይህን ሁሉ» አለችኝ «ከመሄድህ በፊት አታውቅም ነበር?»

 ጥያቄዋ ክፋት የለበትም፤ በእውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ተራራው አላነሣችም። ልጃችን የምታመጣላትን ጠበል፣ ልጅቱን ደስ እንዲላት ያህል፣ ትቀምስ ነበር እንጂ እንደ ቀድሞው እጇን ዘርግታ አትቀበልም ነበር። በሕመሟ ዘመን ዐይኗ በርቶ ያየሁት ወደ ተራራው በላከችኝ ቀን ብቻ ሆነ። በዚያው ዓቢይ ጾም፣ ከደብረ ዘይት እሑድ በፊት፣ ልጆቿ ከብበዋት ዐረፈች።

ሰዎች «ፈጣሪ ልብዎን አይቶ ከጫፍ እንደ ደረሱ ቆጥሮልዎታል» ይሉኛል። ይህን ቃል እኔም በብዙ የሐዘን ቤት ተቀምጬ ተናግሬዋለሁ፤ የሚሰሙኝ ሰዎች ለምን ዝም ይሉ እንደ ነበር አሁን ገባኝ። ቅዳሴ አላቋርጥም፤ በየዕለቱ የክርስትና ስሟን በጸሎት አነሣለሁ፤ እምነቴንም አልተውሁም። ነገር ግን ስሟን ባነሣሁ ቁጥር፣ ለነፍሷ እየለመንሁ ሳለ፣ በሕይወት ሳለች የላከችኝን መልእክት አላደረስሁም የሚል አሳብ ቀድሞኝ ይቆማል። ከአሳቡ ጋር ተከራክሬ አሸንፌው አላውቅም፤ እስክሞትም የማሸንፈው አይመስለኝም።

እናንተ ይህን ያነበባችሁ ግን፣ በቤታችሁ ሕመምተኛ ቢኖር አምላክ ምሕረቱን ይላክላችሁ፤ ለእርሱም ብላችሁ የላካችሁት ሰው ከተላከበት ይድረስላችሁ፤ በጣራችሁ ሥር ያሉትን ሁሉ፣ ታናሹንም ታላቁንም፣ አንድ ላይ ይጠብቅላችሁ። አሜን።