ከአፈር ውስጥ የተኛው ሲናር

ባሏ ካረፈ ወዲህ የሺወርቅ ከደባርቅ በላይ ያለችውን የገብስ ማሳዋን የምታሳርሰው በባሏ ወንድም በአገኘሁ በሬዎች ነበር። አምና ማሳውን ሲናር የሚባለው አረም ዋጠው። ገብስ መስሎ አብሮ በቀለና ገብሱ ሳይደርስ ፍሬውን አራግፎ አፈር ውስጥ ገባ። ለእሷና ለሁለት ሴት ልጆቿ የቀረው ከጎተራው ወለል አላለፈም።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ጣለ፤ አገኘሁም ሊዘራላት በሬዎቹን እየነዳ መጣ። እሷ ግን ሲናሩ አስቀድሞ ይብቀልና ገልብጠኸው እንዘራለን አለችው። አገኘሁ የዘገየ ገብስ ውርጭ እንደሚያገኘው ነገራት።

«ውርጭ ቢመታው ምን ልትበሉ ነው፣ እታለም?»

«አሁን ብዘራውስ የምበላው ሲናር አይደል?»

በሬዎቹን ይዞ ተመለሰ።

የጎረቤቷ የማንጠግቦሽ ማሳ ሲለመልም የእሷ ባዶ አፈር ነበር። በየማለዳው ወጥታ ታጎነብሳለች። ሲናሩ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል፤ ካራገፈው ፍሬ አንጻር ግን ኢምንት ነው። አፈሩን በእንጨት ጫር ስታደርገው ጠጉራሙ ጥቁር ፍሬ ረጥቦ እንኳ ሳያቆጠቁጥ ተኝቷል። እናቷ በሕይወት ሳሉ፣ ሲናር ሁሉም ባንድ ክረምት አይነሣም፣ እኩሌታው ዓመት ይጠብቃል ይሉ ነበር። ምን ያህሉ እንደሚተኛ ማን ያውቃል? አገኘሁ በእልኸኝነቷ እንደሚያማትም ሰማች። እሱ በሬውን ቢነፍጋት ሌላ አራሽ የላትም።

ማሳው ሣሣ ያለ አረንጓዴ ሲለብስ አገኘሁ ደጅ ሄዳ ቆመች። እሱም ቀንበሩን አነሣ። ቡቃያው ተገለበጠ፤ ገብሱም ተዘራ። ዳግመኛ የበቀለውን ሲናር ከልጆቿ ጋር እየነቀለች ከረመች። የገብስ ቅጠል ግርጌው ላይ አገዳውን የሚያቅፍ ጆሮ መሰል ቅጥያ አለው፤ ሲናር የለውም። በጣቷ እየዳሰሰች ለየችው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ውርጭ ወረደ። እየሮጠች ስትደርስ አገኘሁ ቀድሟት ማሳው ዳር ቆሟል። ከማሳው ግርጌ በወንዝ በኩል ያለው ዝቅተኛው ቦታ ነጥቶ ደርቋል። እሱ ወደ ላይኛው ወጥቶ አንድ ዛላ ቀጠፈና በመዳፉ አሽቶ ፍሬውን አሳያት።

«ይኸኛው ተርፏል» አላት።

የሺወርቅ መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አዝመራው ከአምናው በእጅጉ በለጠ። ሲወቁ አገኘሁ፣ በመጪው ሰኔም እንጠብቃለን ወይ ብሎ ጠየቃት። ዝናቡን አይተን ነው አለችው፤ አፈር ውስጥ ተኝቶ የቀረው ሲናር ግን ገና ያስፈራት ነበር።