የዳዊት ፕሪንተር

ባለፈው ሳምንት ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ካለች ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከማሽኑ ትኩስ ወረቀት ሲወጣ የሚሸተው ያ የጋለ ቀለም ሽታ አፍንጫዬን ቢመታኝ፣ ከፊቴ የተሰለፉት ሰዎች ሁሉ ጠፉብኝና ኮተቤ፣ አባቴ ቤት፣ ጥርሷን ነክሳ የተቀመጠች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

አባታችን መምህር ነበር፤ ያገለገሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ገዝቶ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ለሚያጠናው ታላቅ ወንድሜ ለዳዊት ሰጠን። ዳዊት ሁለቱን በረንዳው ላይ በዘረጋው ሰማያዊ ገመድ አገናኛቸው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ሲያወዛውዘው እናታችን የልብስ ማስጫ መስሏት ካልሲ ትሰቅልበት ነበር። ፕሪንተሩ ግን የተቀመጠው እሱ ክፍል ነው፤ እኔ የማትመው ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። በዚያ ላይ እኔ የከፈትኩትን ፕሮግራም ሁሉ ከወንበሩ ሳይነሳ ያያል፣ ሲያሻውም ይዘጋዋል። እየጻፍኩ ገጹ ድንገት ከፊቴ ሲጠፋ ከግድግዳው ማዶ ሳቁ ይሰማኛል።

አንድ ቅዳሜ ለነፃ የትምህርት ዕድል የምወዳደርበትን ጽሑፍ እስከ ቀትር ማስረከብ ነበረብኝ። የዳዊት ጓደኞች ቤታችን መጥተዋል። ጽሑፌን ለማተም ወደ ፕሪንተሩ ስልከው እሱ ይሰርዘዋል፤ ደግሜ ስልከው ፕሮግራሙን ራሱን ይዘጋዋል፤ ጓደኞቹም ይስቃሉ። በሩን ባንኳኳ፣ «ቆይ፣ እያሳየኋቸው ነው» አለኝ። በመጨረሻ ሲለቅልኝ፣ የታተመውን ወረቀት ይዤ መገናኛ የሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ ስገባ ቀትር አልፏል። ጽሑፉን የሚቀበለው ቢሮ ተዘግቶ ጠበቀኝ።

አላለቀስኩም። ተማርኩ እንጂ። የእሱን መጻሕፍት እሱ በሌለበት እያነበብኩ፣ እሱ በእኔ ላይ የሚያደርገውን ሁሉ እኔም በእሱ ላይ ማድረግ እንደምችል ደረስኩበት፤ የሚያስፈልገኝ የይለፍ ቃሉ ብቻ ነበር፣ እሱም የገዛ ስሙ ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስረክብበት ቀን እስኪደርስ ዝም ብዬ ጠበቅሁ።

በዚያ ጠዋት የመጀመሪያው ገጽ እንዲወጣለት ፈቀድኩ። የቀረውን ሰረዝኩት። ፕሪንተሩን ነቀለ፣ ሰካ፣ በጥፊ መታው። ፋይሉን ሲከፍት ዘጋሁት፤ እንደገና ሲከፍት እንደገና ዘጋሁት። «ቫይረስ ገብቷል» እያለ ለጓደኛው ሲደውል በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር፤ ያን ያህል የጣፈጠኝ ድምፅ ትዝ አይለኝም። በመጨረሻ ፍላሽ ይዞ ሌላ ቦታ ሊያሳትም ሮጠ፤ አልደረሰም። ምርቃቱ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ፣ አባቴ ያሰፋለት ሙሉ ልብስም ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ።

በዚያው ዕለት ማታ እራት ሳይቀርብ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ፣ «ቫይረሱ እኔ ነኝ» አልኩት።

ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «ዓመቴን እኮ ነው ያቃጠልሽው።»

«የእኔንስ?»

«የቱን?» አለ።

የምሩን ነበር። ረስቶታል። ትንሽ ሊጸጽተኝ የነበረ ነገር ቢኖር እንኳ በዚያች ቃል አለቀ። ወጥቶ ሰማያዊውን ገመድ ከበረንዳው ላይ እየጎተተ ቆራረጠው፤ እናታችን ካልሲዎቿን ከመሬት ለቀመች።

ዛሬ እሱም እኔም የየራሳችን ቤት አለን። በዓል ሲሆን አባታችን ጋ እንገናኛለን፣ እንግዳና እንግዳ እንደሚነጋገር በጨዋነት እንነጋገራለን፣ እንለያያለን። ያን ጠዋት ዛሬ ቢሰጡኝ እደግመዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። ገመዱ በተዘረጋ ሰሞን፣ ዳዊት መዝጋትና መሰረዝ ሳይጀምር፣ ከክፍሉ ሆኖ አጫጭር መልእክት ስክሪኔ ላይ ይልክልኝ ነበር፤ «እማዬ ተናዳለች፣ ትንሽ ቆይተሽ ውጪ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቁጣ መጥቶብኛል፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ግን የለም።