የሰው ሐቅ የሌለበት ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። ባለቤቴ የገብስ ንግዱን ከሁሩታ ወደ አሰላ ባዞረበት ዓመት ለልጆቹ ገዛው። ልጆቼ ተማሩበት፤ ከዚያ እኔ ወረስኩት። የምጽፍበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሞተች ሴት ጀናዛ እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚከፈን የሚያስተምር ጽሑፍ።

ቃሉ የእኔ አይደለም፤ የአስተማሪዬ ነው። እሳቸው የዚህን ከተማ ሴቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ እያጠቡ ሸኝተዋል። አማርኛ መጻፍ ስለማይችሉ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ሠላሳውን ገጽ በሕይወት ሳሉ አሳትሜ በእጃቸው ሰጠኋቸው። የመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ገጾች በእሳት ስለተቃጠለች፣ በመኪና አደጋ ስለሞተች፣ በወሊድ ስላለፈች ሴት አስተጣጠብ የተናገሯቸው ናቸው። እነዚህን ሳላሳትም ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው። ገጾቹ ያሉት ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነበር።

በስክሪኑ ጥግ ላይ ሁልጊዜ የማይጠፋ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረ። ለዓመታት አይቼ አልፌዋለሁ። ትልቋ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስትመጣ ምን እንደሚል ጠየቅኋት።

«ዊንዶውሱ አልተገዛም ነው የሚለው፣ እማዬ። ክራክ ነው። የተሰረቀ በይው።»

«ማነው የሰረቀው?»

«ሁሉም ሰው ነዋ!»

ሁሉም ሰው የሚባል ሌባ አላውቅም። በዚህ ማሽን ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሙታንን ሐቅ፣ የሚገባቸውን፣ የማስተምረው በሕያዋን ሐቅ ላይ ተቀምጬ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ልጄ ሌላ መንገድ አለ አለች። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነው፤ ሊኑክስ ይባላል። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ውሰዱት፣ ቅዱት፣ ለፈለጋችሁት ስጡት ብለው ፈቅደዋል። በፍላሽ ጭና ትታልኝ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

ኮምፒውተራችንን ፎርማት የሚያደርግልን ጠጋኝ መናኸሪያው አጠገብ ነው የሚሠራው። ምክር ልጠይቀው ሄድኩ። ሳቀብኝ።

«አዴ፣ ነፃ ነገር ኋላ ነው የሚያስከፍለው።»

«አስተማሪዬ ዘጠኝ ዓመት በነፃ አስተማሩኝ። እስከ ዛሬ ያስከፈለኝ የለም።»

«ኡስታዞቹም እኮ የሚያስጭኑት እኔ ጋ ነው! ከእነሱ በለጥሽ?»

«ስለ እነሱ አልጠየቅሁህም። እኔ የምጠየቀው ስለ ራሴ ነው።»

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ባለቤቴ ጫማውን እያወለቀ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ነገ ደግሞ ሬዲዮኑን ፈትሸሽ ከቤት ልታወጪው ነው?» አለኝ።

«ሬዲዮኑን ገዝተነዋል» አልኩት።

ደግ ሰው ነው፤ አልከለከለኝም።

ልጄ በስልክ እየመራችኝ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ጽሑፌን በሌላ ፍላሽ ገለበጥኩ። ከዚያ ማሽኑ «ያለውን ሁሉ ላጥፋ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አዎ አልኩት። መብራት እንዳይሄድ እየለመንኩ ተቀመጥኩ። አልሄደም፤ አልሐምዱሊላህ። የአስር ሶላት ሳይደርስ አዲሱ ሥርዓት ተከፈተ። የስክሪኑ ጥግ ባዶ ነበር። ደስ ብሎኝ ጽሑፌን ከፍላሹ ከፈትኩ።

አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ገጹ ሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ተዝረክርኮበታል። የመጨረሻውን ገጽ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ፍላሹን ነቅዬ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።

ነገሩን ያስረዳኝ ጠጋኙ ነው። ጽሑፉን የተየብኩት በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነው። ያ መጻፊያ ከሥር የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ምልክት ነው፤ አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው የራሱ የፊደል ቅርጽ ነው። ቅርጹ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ጠፍቷል።

«ሁለት ደቂቃ ነው፣ አዴ። ፊደሉን ልስጥሽ፣ ትጭኚዋለሽ፣ በቃ።»

«ፊደሉ የማን ነው?»

«ኧረ በአላህ! ሀሁን ማን ይሸጠዋል?»

«ሀሁን አላልኩም። ይህን መጻፊያ ሠርቶ የሸጠ ሰው አለ። አንተ ገዝተኸዋል?»

ራሱን አከከ። «እሺ፣ እዚሁ ከእኔ ማሽን ላትምልሽ። አንቺ አላየሽም፣ አልሰማሽም።»

«አላህስ?»

«አንቺ ሰውን ትጨርሻለሽ!» አለና ፍላሹን መለሰልኝ። ልግዛው ብዬም ነበር፤ ያን የድሮውን የሚሸጥ ቦታ የሚያውቅ ሰው አጣሁ።

ሐሙስ ሐሙስ የጀናዛ አስተጣጠብ የማስተምራቸው ሴቶች ሰሙ። አንዷ፣ «እህቴ፣ ፍሬ ነገሩን ታውቂው የለ? ከራስሽ ጻፊው» አለችኝ። ፍሬ ነገሩን አውቃለሁ። የአስተማሪዬን ቃል ግን ከራሴ ልጽፈው አልችልም። እሳቸው ያላሉትን እሳቸው አሉ ብዬ ለጀናዛ አጣቢ ከምሰጥ ገጹ ቢቀር ይሻላል። ሌላዋ፣ «አላህ ይህን ያህል አያስቸግርም» አለች። አላህ አላስቸገረኝም፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ያን ሳምንት የታተመውን ሠላሳ ገጽ ይዤ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው መስመር ቢስሚላሂ አርረሕማኒ አርረሒም መሆኑን አውቃለሁ። በስክሪኑም የመጀመሪያው መስመር ዝብርቅርቅ ያለ ይሁን እንጂ ያው መስመር ነው። ምልክቶቹን ከፊደሎቹ ጋር አንድ በአንድ አገጣጠምኩ። «ረ» ሁለት ጊዜ በመጣበት ቦታ ያው ምልክት ሁለት ጊዜ ነበረ። ሁለተኛውን መስመር አየሁ፤ ሦስተኛውን አየሁ። አይዋሽም። እያንዳንዱ ምልክት ሁልጊዜ አንድ ፊደልን ይወክላል።

የአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ መዝገብ አወጣሁ። በግራ ምልክቱን፣ በቀኝ ፊደሉን። ሠላሳው የታተመ ገጽ መምህሬ ሆነ። ከዙሁር እስከ አስር ባለው ጊዜ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣቴን እያደነዘዘው አሥራ አንዱን ገጽ ፊደል በፊደል ፈታሁ። የፈታሁትን ሊኑክሱ ይዞት በመጣው የአማርኛ መጻፊያ ተየብኩ። እሱም ነፃ ነው። አንዳንድ ቀን ከግማሽ ገጽ በላይ አልሄድኩም። ባለቤቴ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆሞ አየኝ። «እልኸኛ» አለኝ። ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ።

ቃላቸው እየተመለሰ መጣ። «ልጄ፣ የተቃጠለችን አትፈትጊ። ውሃውን አፍስሺላት እንጂ አትንኪያት፤ በሕይወቷ የነካት ይበቃታል።» ይህን ከራሴ አልጽፈውም ነበር። እንዲህ ማለታቸውን ረስቼው ነበር።

ሦስት ቦታ ግን አልተፈታም። ምልክቱ በታተመው ገጽ ውስጥ የትም የለም። ከሦስቱ አንዱ የቅጠል ስም ነው። ሴቶቹ ገምቺው አሉኝ። አልገመትኩም። ባዶ ቦታ ትቼ አሳተምኩት፤ ለጠየቀኝም ሁሉ በስልክ ላክሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአርቦዬ ተደወለልኝ። ደዋይዋ ሐሙስ ሐሙስ ስትማር ቆይታ ወደዚያ ያገባች ወጣት ሴት ናት። ቤት ተቃጥሎ አንዲት እናት ሞታለች፤ በአካባቢው ያሉት ሴቶች ሊያጥቧት ፈርተዋል። ይህቺ ተማሪዬ ደግሞ ብቻዋን ጀናዛ አጥባ አታውቅም። የላክሁላትን ገጽ በስልኳ ከፍታለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

«እዚህ ጋ ባዶ ነው። ውሃው ውስጥ የሚገባው ቅጠል ምንድን ነው? የመሰለሽን ንገሪኝ።»

«የመሰለኝን አልነግርሽም። ውሃ አላችሁ?»

«አለን።»

«ውሃ ይበቃል። ባዶውን እለፊውና ቀጥሎ ያለውን አንብቢልኝ።»

አነበበችልኝ። «ውሃውን አፍስሺላት እንጂ አትንኪያት» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ረጋ አለ።

«በቃ፣ እሳቸው እንዳሉሽ አድርጊ» አልኳት።

ስልኩን ሳትዘጋው አጠገቧ አስቀመጠችው። ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል። አንድ ጊዜም አላረምኳትም። ሲጨርሱ፣ «ከፈንናት» አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም።